አኑቢስ፦ ከመቃብር ጠባቂነት ወደ ጨዋታ ጭራቅነት

አኑቢስ የጥንታዊት ግብፅ የሙታን አምላክ ነው። ራሱ የቀበሮ፣ ገላው የሰው፣ ቀለሙ ጥቁር ነው፤ አንዳንዴም ሙሉ በሙሉ ቀበሮ ሆኖ በሣጥን ላይ ጋደም ብሎ ይቀረጻል። ግብፃውያን ራሳቸው የሚጠሩት «አንፑ» ወይም «ኢንፑ» ብለው ነበር። «አኑቢስ» የግሪኮች አጠራር ነው። ዘመኑ በውል የታወቀው የመጨረሻው የሄሮግሊፍ ጽሑፍ በ394 ዓ.ም. በፊላይ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ከተቀረጸ በኋላ ጽሕፈቱን የሚያነብ ጠፋ። ፈረንሳዊው ዣን ፍራንሷ ሻምፖሊዮን በ1822 ዓ.ም. ምስጢሩን እስኪፈታው ድረስም ዓለም አምላኩን የሚያውቀው በግሪክኛ ስሙ ብቻ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በከተሞቻችን የጌም ቤቶች አብዛኛው ወረፋ የእግር ኳስ ነው። ከእግር ኳሱ ወጣ ብለው ወደ ጦርነትና ጀብዱ ጨዋታዎች የሚዘልቁ ወጣቶች ግን ይህን ባለ ቀበሮ ራስ ፍጡር አንድ ቀን ሳያገኙት አይቀሩም። የሚያገኙትም አብዛኛውን ጊዜ በጠላትነት ነው፤ ዓይኑ እንደ ፍም የሚያበራ፣ መሣሪያ የታጠቀ፣ ሙታንን ከመቃብር እየቀሰቀሰ የሚያዘምት ጭራቅ ሆኖ። ግብፃውያን ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ያመለኩት አኑቢስ ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር። ሟቹን ከጭራቅ የሚያስጥለው እርሱ ነው።

የበግ ነጣቂው አደራ ሲሰጠው

ግብፅ በሰፊ በረሃ መካከል የሚያልፍ ጠባብ ለም መሬት ናት። የሚታረሰው መሬት ውድ በመሆኑ ሙታን የሚቀበሩት ከእርሻው ዳር፣ አሸዋው በሚጀምርበት ቦታ ነበር። የጥንቶቹ መቃብሮች ጥልቀት አልነበራቸውም፤ በሌሊት ከበረሃ የሚመጡ ቀበሮዎችና የዱር ውሾች አሸዋውን እየጫሩ አስከሬን ያወጡ ነበር። የዘርፉ ተመራማሪዎች የአኑቢስ አምልኮ ከዚሁ ሥጋት እንደ ተወለደ ይገምታሉ። መቃብር የሚቆፍረውን አውሬ የመቃብር ጠባቂ አድርጎ መሾም ማለት ነው። የእኛ ገበሬ ቀበሮን በግ አያስጠብቀውም፤ ግብፃዊው ግን ከበግ የሚበልጥ አደራ ሰጠው።

ከማዕረግ ስሞቹ መካከል «በተራራው ላይ ያለው» እና «የተቀደሰው ምድር ጌታ» የሚሉት ይገኙበታል። ተራራው ከመቃብሮቹ በላይ የተገተረው የበረሃ ገደል ነው፤ አምላኩ ከዚያ ሆኖ ቁልቁል ይጠብቃል። በጥንታዊው የመንግሥት ዘመን ከሙታን አማልክት ሁሉ ቀዳሚው እርሱ ነበር። ኋላ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ፣ የሙታን ንጉሥነቱን ኦሲሪስ ወሰደበት። አኑቢስ በአፈ ታሪክ የኦሲሪስ አገልጋይ፣ በአንዳንዱ ትረካም ልጁ ሆኖ ቀረ። ኦሲሪስ በወንድሙ በሴጥ እጅ ተገድሎ አካሉ ሲበታተን፣ ሚስቱ ኢሲስ ሰብስባ ስታመጣው አስከሬኑን አዘጋጅቶ በበፍታ የገነዘው አኑቢስ ነው ይባላል። በግብፃውያን እምነት የመጀመሪያው ሙሚያ ይኸው ነበር።

የአስከሬን ዝግጅቱ ሥራ ከሞት እስከ ቀብር 70 ቀናት ይፈጅ ነበር። የሆድ ዕቃ ወጥቶ በማሰሮዎች ይቀመጣል፤ ገላው ናትሮን በተባለ የጨው ዓይነት ይደርቃል፤ ከዚያም ሙጫ ተቀብቶ ይገነዛል። አንጎል ምንም ዋጋ እንደሌለው ተቆጥሮ ይጣላል። ልብ ግን የአሳብና የኅሊና ማደሪያ ስለሆነች ከቦታዋ አትነሣም፤ ቆይታ ምስክርነት የሚጠብቃት አለና። ሥነ ሥርዓቱን የሚመራው ካህን የአኑቢስን ጭንብል ሳያጠልቅ አልቀረም፤ ከሸክላ የተሠራ እንዲህ ያለ አንድ ጭንብል ዛሬ በጀርመን ሂልደስሃይም ከተማ ሙዚየም ይገኛል።

የንጉሥ ቱታንካሙን መቃብር በ1922 ዓ.ም. ሲገኝ፣ ወደ ውስጠኛው የሀብት ክፍል የሚያስገባውን በር ይጠብቅ የነበረው ይኸው አምላክ ነበር። ከእንጨት ተቀርጾ ጥቁር የተቀባ፣ ጆሮዎቹ በወርቅ የተለበጡ፣ ጥፍሮቹ ከብር የተሠሩ፣ ትከሻው ላይ በፍታ የተደረበለት ቀበሮ፣ ፊቱን ወደ መግቢያው አዙሮ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ እንደ ጋደመ ተገኘ።

እንስሳው ራሱ የትኛው እንደሆነ ሳይንቲስቶችን ሲያከራክር ቆይቷል። ለረጅም ጊዜ «የግብፅ ቀበሮ» እየተባለ በእስያ ከሚገኘው ወርቃማ ቀበሮ ጋር ይመደብ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የወጣ የዘረመል ጥናት ግን የአፍሪካው ራሱን የቻለ ዝርያ፣ ከቀበሮ ይልቅ ለተኩላ የሚቀርብ መሆኑን አሳየ። በ2018 ዓ.ም. የተከተለው ሌላ ጥናት ደግሞ ይበልጥ ወደ እኛ ይቀርባል፤ የዚህ እንስሳ የዘር ሐረግ ከሩብ በላዩ ከኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ፣ የቀረው ከግራጫ ተኩላ የመጣ ነው ይላል። የአፍሪካው ተኩላ ዛሬም በመንዝ ጓሳና በሌሎች የአገራችን ደጋዎች ከቀይ ቀበሮ ጋር በጉርብትና ይኖራል። አይጥ ያድናል፤ ሲመቸውም በግ ይነጥቃል።

ጥቁሩ ቀለም ከየት መጣ?

በበረሃው የሚኖረው እንስሳ ግን ጥቁር አይደለም፤ አሸዋማ ቡናማ ነው። ታዲያ ግብፃውያን አምላካቸውን ለምን አጠቆሩት? መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በሙጫና በቅባት የተዘጋጀ አስከሬን ጠቁሮ መታየቱ ነው። ሁለተኛው አፈር ነው።

ግብፃውያን አገራቸውን «ኬመት» ይሏት ነበር፤ ጥቁሯ ምድር ማለት ነው። በረሃውን ደግሞ ቀዩ ምድር ይሉታል። ጥቁሩ ምድር በየዓመቱ ወንዙ ሞልቶ ሲፈስ የሚያነጥፈው ደለል ነበር። ውኃው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት እርሻውን ሸፍኖ ይቆይና ሲጎድል ማዳበሪያ የማይሻ ጥቁር አፈር ትቶ ይሄዳል። ሞቶ የከረመው መሬት እንደገና ይበቅላል። ስለዚህም ጥቁር ለእነርሱ የሐዘን ሳይሆን የትንሣኤ ቀለም ነበር፤ አኑቢስም የጠቆረው ለማስፈራራት ሳይሆን ሟቹ እንደ እህል ዳግም እንደሚበቅል ለመመስከር ነው።

ያ ደለል ከየት ይሄድ እንደነበር ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ወደ ግብፅ ከሚደርሰው ደለል ከአሥር እጅ ዘጠኙን የሚበልጠው በዓባይና በተከዜ በኩል ከኢትዮጵያ ደጋ የሚታጠበው ነበር። በክረምት ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ ማሳ ላይ ጎርፍ የወሰደው አፈር በሌላ አገር የአምላክ ቀለም ሆነ። እርከን ለሚሠራ ገበሬ ይህ ደስ የሚያሰኝ ዜና ላይሆን ይችላል።

ሚዛኑ

የአኑቢስ ትልቁ ሥራ የሚገለጸው በተለምዶ «የሙታን መጽሐፍ» በሚባሉት ጥቅሎች ውስጥ ነው። ከሁሉ የታወቀው፣ አኒ ለተባለ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1250 ገደማ የተዘጋጀው፣ ርዝመቱ ከ23 ሜትር የሚበልጥ የፓፒረስ ጥቅል ሲሆን የሚገኘው በብሪቲሽ ሙዚየም ነው።

ሟቹ ወደ ፍርዱ አዳራሽ ሲገባ እጁን ይዞ የሚመራው አኑቢስ ነው። በመካከሉ ሚዛን ቆሟል። በአንደኛው ሳህን የሟቹ ልብ፣ በሌላኛው የማአት ላባ ይቀመጣል። ማአት የእውነትና የሥርዓት አምላክ ናት፤ ስሟ ለጆሯችን «መዓት»ን ቢያስታውስም ትርጉሙ በተቃራኒው ነው። አኑቢስ በርከክ ብሎ ሚዛኑ በትክክል መቆሙን ያረጋግጣል። የጽሕፈት አምላክ ቶት ውጤቱን ይመዘግባል። ከጎኑ አሚት የተባለችው ፍጡር ታደባለች፤ ራሷ የአዞ፣ ደረቷ የአንበሳ፣ ኋላዋ የጉማሬ ነው። ልቡ ከላባው የከበደበትን ሰው ልብ ትበላዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ለእርሱ ሌላ ሕይወት የለም።

እዚህ ላይ አኑቢስ ፈራጅ አለመሆኑን ልብ ማለት ያሻል። ፍርዱ የኦሲሪስና የአማልክቱ ጉባኤ ነው። የአኑቢስ ድርሻ ሚዛኑ እንዳይሰረቅ መጠበቅ ብቻ ነው። እህል ጭኖ ገበያ የወጣ ገበሬ ይህ ምን ያህል ትልቅ ሥልጣን እንደሆነ ይገባዋል።

ሟቹ በ42 አማልክት ፊት ያልሠራውን ኃጢአት እየዘረዘረ ይምላል። ዝርዝሩ ከግድያና ከስርቆት አልፎ ወደ ማሳና ወደ ገበያ ይወርዳል፤ የሰው መሬት አለመግፋት፣ የመስኖ ውኃ አለመዝጋት፣ የሚዛን ድንጋይ አለማጭበርበር በተለይ ተጠቅሰዋል። ሦስት ሺህ ዓመት ያለፋቸው እነዚህ ክሶች ዛሬም በቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ይሰማሉ። ግብፃውያን በበኩላቸው ለመሐላው ብቻ አልተውትም፤ በሟቹ ደረት ላይ ጥንዚዛ የተቀረጸበት ድንጋይ አስቀምጠው ልቡ እንዳትመሰክርበት ይማጸኗት ነበር። የመጽሐፉ ጥቅሎችም ስም የሚሞላበት ቦታ ክፍት ተትቶ አስቀድመው ተጽፈው ይሸጡ ነበር፤ ገዢው ስሙን ያስሞላበታል።

ሚዛኑ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በተአምረ ማርያም የበላዔ ሰብእ ታሪክ 78 ሰዎች የገደለው ሰው ነፍስ ስትመዘን ለተጠማ ሰው የሰጠው ጥቂት ውኃ ሚዛኑን ይደፋል። በእስልምናም የትንሣኤ ቀን ሚዛን የእምነቱ አካል ነው። ይህ አንዱ ከሌላው ተቀዳ ለማለት አይደለም። አንባቢው የአኑቢስን ሥዕል ሲያይ የፍርድ ቀንን እንጂ የጦር ሜዳን እንዳያስብ ለመጠቆም ነው።

በጨዋታው ዓለም

የጨዋታ ሠሪዎች ከዚህ ሁሉ የወሰዱት በአብዛኛው ራሱንና ቀለሙን ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው «ዘ መሚ ሪተርንስ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ባለ ቀበሮ ራስ የአኑቢስ ሠራዊት በበረሃ ሲያጎርፍ ካሳየ ወዲህ ያ ምስል በብዙ ሰው አእምሮ ተቀርጿል። በዓመቱ፣ በ2002 ዓ.ም.፣ ማይክሮሶፍት ያሳተመው «ኤጅ ኦፍ ሚቶሎጂ» የተሰኘ የስትራቴጂ ጨዋታ ግብፅን ለመረጠ ተጫዋች አኑቢስን እንዲያመልክ ይፈቅድለታል። የሚያገኘው ዋጋ ጠላት ላይ እየዘለሉ የሚወጡ ባለ ቀበሮ ራስ ተዋጊዎችና ከመሬት የሚፈሉ እባቦች ናቸው። ሚዛን የለም። ጨዋታው በ2024 ዓ.ም. ታድሶ ሲወጣም ተዋጊዎቹ አልቀሩም።

የጃፓኑ ኮናሚ በ2001 እና በ2003 ዓ.ም. ባወጣቸው «ዞን ኦፍ ዘ ኤንደርስ» ጨዋታዎች አኑቢስ አምላክ ሳይሆን ግዙፍ የጦር ማሽን ነው። ተጋጣሚው ማሽን «ጀሁቲ» ይባላል፤ ይህም የቶት ግብፃዊ ስም ነው። በፓፒረሱ ላይ አንዱ እየመዘነ ሌላው እየጻፈ በአንድ ሚዛን ሥር የቆሙት ሁለቱ ባልደረቦች እዚህ ደመኞች ሆኑ። በ2014 ዓ.ም. በወጣው «ስማይት» ላይ ደግሞ የልዩ ልዩ ሕዝቦች አማልክት በአንድ ሜዳ ሲፋለሙ አኑቢስ ጠላቱን በበፍታ ጠቅልሎ ያስረዋል። ከእውነተኛ ሥራው የተረፈችው ይህች ብቻ ናት፤ እርሷም ሟች መገነዝ መሆኗ ቀርቶ የማሠሪያ ገመድ ሆናለች። «ኦቨርዋች» ስሙን ለቤተ መቅደስና በውስጡ ለታሰረ ሰው ሠራሽ አእምሮ ሰጠው፤ «ካውንተር ስትራይክ» ደግሞ በግብፅ ለተመሰለ አንድ የውጊያ ካርታ።

ይኸው «ስማይት» የሂንዱ አምላክ የሆነችውን ካሊን በማካተቱ በ2012 ዓ.ም. ከሂንዱ እምነት ተከታዮች ብርቱ ቅሬታ ቀርቦበት ነበር። ለአኑቢስ እንዲህ የተቆጣለት አልተሰማም። አምላኪ ያጣ አምላክ ጠበቃም የለውም።

ከጃፓን የመጣው «ፐርሶና» የተሻለ አንብቧል። በዚያ ጨዋታ መናፍስት እንደ ካርታ በየምድባቸው ሲደለደሉ አኑቢስ የሚገኘው «ፍርድ» በሚለው ምድብ ነው። ጥቂት ነገር ቢሆንም ከብዙዎቹ ይልቅ ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ሰፋ ያለ ሥራ የሠራው የፈረንሳዩ ዩቢሶፍት ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የወጣው «አሳሲንስ ክሪድ ኦሪጅንስ» ታሪኩ በንግሥት ክሊዮፓትራ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ48 ገደማ የተቀመጠ ነው። ያን ጊዜ አኑቢስ ራሱ ከሦስት ሺህ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ነበረው። ጨዋታው መጀመሪያ ከሌሎቹ ጋር ተመሳሰለ፤ ጥቂት ቆይቶ በተጨመረው «የአማልክት ፈተና» አኑቢስ በበረሃ የቆመ ተራራ አከል ባላንጣ ሆኖ መጣ፤ ተጫዋቹም በቀስት ይጥለዋል። እንደ ግብፃውያኑ አሳብ ከሆነ የሥርዓት ጠላት የነበረው አፔፕ የተባለው እባብ ነው። እርሱንም ጨዋታው በሕልም ትዕይንት አምጥቶታል፤ ሁለቱን በአንድ መዝገብ ማስፈሩ ግን ያስተዛዝባል።

በመጋቢት 2018 ዓ.ም. በወጣው ተጨማሪ ክፍል ግን ተጫዋቹ «አሩ» ወደተባለው የግብፃውያን ገነት ይገባል፤ የሚያየውም ማለቂያ የሌለው የወርቅ ቀለም ማሳ ነው። ይህ የጨዋታ ሠሪ ፈጠራ አይደለም። የግብፃዊው ገነት በእርግጥም እርሻ ነበር፤ ቡቃያው ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ውኃው የማይነጥፍ። ሰነጀም የተባለው የነገሥታት መቃብር ሠራተኛ በሉክሶር አቅራቢያ ባለው መቃብሩ ግድግዳ ላይ ከሚስቱ ጋር በበሬ ሲያርስና ሲያጭድ ተሥሏል። በዚያው ክፍል ሌላ ግድግዳ ላይ አኑቢስ በአልጋ ላይ በተጋደመው ሙሚያ ላይ አጎንብሶ፣ እጆቹን ዘርግቶ ይታያል፤ እንደ ሐኪም እንጂ እንደ ጭራቅ አይደለም። ከፀሐይ በታች ሲያርስ የኖረ ሁሉ በገነትም ማረስ እንደማይሻ ያወቁት ግብፃውያን ታዲያ ዘዴ አበጁ። ሟቹ ለሥራ ሲጠራ «አለሁ» ብለው የሚነሡለት ትንንሽ ምስሎች አብረው ይቀብሩ ነበር። ቱታንካሙን 413 ነበሩት።

ያው ድርጅት በየካቲት 2018 ዓ.ም. ጦርነቱን በሙሉ አውጥቶ፣ ከታሪክ ባለሙያዎች ጋር የተዘጋጁ 75 የጉብኝት መስመሮች ያሉት የትምህርት ክፍል አቅርቧል። ሰይፍ የለም፤ ተጫዋቹ እየተዘዋወረ ያያል፣ ይሰማል። ልጁ ጨዋታ ካልተወ የሚል ወላጅ ካለ፣ ለታሪክ ትምህርት ይህኛው ክፍል ይሻለዋል።

ለገበሬ የሚቀርበው ጨዋታ ግን ከቆዩት አንዱ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣውና በ2023 ዓ.ም. የታደሰው «ፋሮ» ተጫዋቹን ከተማ ያስቆረቁረዋል። አኑቢስ ከአምስቱ አማልክቱ መካከል የለም፤ የሙታን ንጉሥ ኦሲሪስ ግን አለ፤ ሥራውም ጎርፉን ማምጣት ነው። መሥዋዕቱ ከጎደለበት ውኃው ይቀንሳል፣ ማሳው ደለል አያገኝም፣ ከተማው ይራባል። ሙላቱ ሲደርስ ገበሬው ከእርሻ ወጥቶ ወደ ሐውልት ግንባታ ይሄዳል፤ ውኃው ሲጎድል ወደ ማሳው ይመለሳል። ተጫዋቹ በማያ ገጹ ላይ የሚያየው የወንዙን አንድ ቁራጭ ብቻ ነው፤ ውኃው ከካርታው ጠርዝ ገብቶ በሌላው ጠርዝ ይወጣል፤ አፈሩ የማን ማሳ እንደነበር አይነገረውም። በእውነተኛይቱ ግብፅ ደግሞ ታላቁ የአስዋን ግድብ በ1970 ዓ.ም. ከተጠናቀቀ ወዲህ ዓመታዊው ሙላት የለም። ደለሉ በግድቡ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል፤ የግብፅ ገበሬም ማዳበሪያ ይገዛል።